እማሆይ የገዙት ትምባሆ

አልቅት እጠላለሁ። ይህን አስቀድሜ ብናገር ይሻላል፤ የሚከተለውን ያነበበ ሰው የነፍሳት ወዳጅ መስዬው እንዳይሸወድ። ተወልጄ ያደግሁት ጎጃም ነው። ሰቆጣ ያመጣኝ የሂሳብ መምህርነት ምደባ ሲሆን ያስቀረኝ ደግሞ ባል ነው። ከእንስሳ ጋር የነበረኝ ወዳጅነት ወጥ ሆኖ ሲቀርብልኝ ብቻ ነበር። እንዲህ የምል ሰው ባለፈው ዓመት ከክረምቱ መውጫ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት፣ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት፣ መስኮቱ ሥር ተንበርክኬ በቅንድብ መልቀሚያ ወረንጦ ከዛጎል ላይ አልቅት ስለቅም ከረምኩ።

ዛጎሎቹ የባለቤቴ ናቸው። እሱ የዓሣ ባለሙያ ነበር። የተከዜ ግድብ ውሃ በአበርገሌና በዝቋላ በኩል ሸለቆውን ሞልቶ ከተኛ ወዲህ ዓሣ አስጋሪ የሆኑ ወጣቶች አሉ። የእሱ ሥራ ወደ እነሱ እየወረደ መረብ አጣጣሉን፣ ዓሣ አያያዙንና አደራረቁን ማሳየት ነበር። ሲመለስ ፀሐይ አጥቁሮት፣ ልብሱ ዓሣ ዓሣ እየሸተተ ይመጣል። አንድ ቀን ግን በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ ነገር ታቅፎ ገባ። ሲፈታው ጥቁር ድንጋይ ነው የመሰለኝ።

"ምንድን ነው?" አልኩት።

"ዛጎል።"

"ይበላል?"

"አይበላም።"

"ታዲያ ምን ይሠራል?"

"ውሃ ያጠራል" አለኝ፤ ፊቱ በርቶ።

ለአንድ ኤግዚቢሽን ተሠርቶ ከዚያ በኋላ ዞር ብሎ ያየው ሰው ያልነበረ የመስታወት ገንዳ ከመሥሪያ ቤቱ ተውሶ መስኮታችን ሥር አቆመው። ታቹ ላይ ከተከዜ ያመጣውን አሸዋ አነጠፈ። አምስቱን ዛጎሎች በጎናቸው አሸዋው ውስጥ ወሸቃቸው። ለምግባቸው ውሃ በሃይላንድ ፕላስቲክ ሞልቶ ፀሐይ ላይ ያስቀምጥና አረንጓዴ ሲሆን በጭልፋ ይሰጣቸዋል። እኔ እራቱን ካላሞቅኩለት ቀዝቃዛውን የሚበላ ሰው ለዛጎል ምግብ ሲያዘጋጅ ማየት ያናድዳል፤ ተናድጄም ነበር። "እኔንም እንዲህ ብታየኝ" እለዋለሁ። "አንቺ ውሃ አታጠሪም" ይለኛል።

እውነቱን ነው፣ ያጠሩ ነበር። ሁለት ማሰሮ ውሃ፣ ያው የክረምት ድፍርስ፣ ጎን ለጎን ያስቀምጣል። አንዱ ውስጥ ዛጎል ይከታል። ስንነሳ ዛጎሉ ያለበት ውሃ ታቹ ድረስ ያሳያል፤ ሌላው እንደደፈረሰ ነው። ሌላም ያሳየኝ ነገር አለ። ዛጎል ሰላም ሲሆን አፉን በስሱ ገርበብ አድርጎ ይተነፍሳል። እጅህን ከላዩ ብታሳልፍ ጥላውን አውቆ ክድን ይላል። "የሚዘጋው በሕይወት ያለው ነው" አለኝ። "ሲሞት የሚይዝለት ጅማት ይላላና ይከፈታል፤ ከዚያ በኋላ አይዘጋም።" ያኔ ለወሬ ያህል ነው የሰማሁት።

እናቱን ላስተዋውቅ። እማሆይ የቄስ ሚስት ነበሩ። ባላቸው ሲሞቱ ቆብ ደፍተው መነኮሱ፤ የሚኖሩት ደሃና ውስጥ፣ መኪና ከሚያወርደው መንገድ ሌላ ግማሽ ቀን በእግር በሚያስኬድ መንደር ነው። አማርኛውን አሳምረው ይናገራሉ፤ ሲናደዱና ሲጸልዩ ግን የዋግ አገው ቋንቋቸው፣ ኽምጣንጋ ነው። ከልጃቸው ጋር በእሱ ሲያወሩ እኔ እንደ እንግዳ እቀመጥ ነበር። ዛጎሎቹን መጀመሪያ ሲያዩ አማተቡ። ቅርፊትና ክንፍ የሌለው የውሃ ነገር እርኩስ ነው፣ እኔ ከዚህ ጋር አንድ ቤት አላድርም አሉ። እሱ ሳቀና ሁለቱን ማሰሮ አቀረበላቸው። በማግስቱ የጠራውን ውሃ ጎንበስ ብለው ብዙ አዩት። ከዚያ እጃቸውን ይዞ ከዛጎሉ በላይ አሳለፈው፤ ዛጎሉ ተከደነ። ደንግጠው እጃቸውን ሰበሰቡ፤ ወዲያው ደግሞ መልሰው ዘረጉት።

"ድንጋይ ነፍስ አለው እንዴ?" አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ድንጋይ ሆነ። ስልክ ሲደውሉ ከእኔ ጤና ቀጥለው የድንጋዮቹን ይጠይቃሉ።

የኅዳር ሚካኤል በመንደራቸው ይነግሣል። ካቻምና ባለቤቴ ከተከዜ ወጥቶ ቤት ሳያድር በቀጥታ ለንግሡ ወደ እናቱ ሄደ። እኔ ፈተና ስለነበረብኝ ቀረሁ። እዚያ እያለ ትኩሳት ያዘው፤ ብርድ ብርድ አለው፤ ላብ አጠመቀው። ቆላ ያለ ሰው ይህን ቢያይ የመጀመሪያ ቃሉ ወባ ነው። እማሆይ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ የኖሩት ትንኝ በማይደርስበት ደጋ ነው። እዚያ እንዲህ ያለ ሰው ምች የመታው ነው። ዳማከሴ ጨምቀው አጠጡት፤ ገላውን በቅጠሉ አሹት፤ በጋቢ ጠቅልለው እንዲያልበው አስተኙት። በላብ ታጠበ፤ ስለዚህ የዳነ መሰላቸው። ደግሞ ያዘው። ደግመው ዳማከሴ ሰጡት። ያን ሰሞን ኔትወርክ ጠፍቶ ስለነበር እኔ ምንም አልሰማሁም፤ ንግሡ ጥሞት የቆየ ነበር የመሰለኝ። በቃሬዛ መንገድ ድረስ ተሸክመው፣ በመኪና ሰቆጣ ሲያደርሱት አላወቀኝም። ሐኪሞቹ ወባው ጭንቅላቱ ድረስ ገብቷል አሉ። ብዙም አልቆየም።

ልቅሶው ላይ፣ ከዚያም በአርባው፣ በእኔና በእማሆይ መሀል ስለ ዳማከሴ አንድም ቃል አልተነሳም። እኔ ቁጡ ሰው ነኝ፤ ቁጣዬን ሁሉም ያውቀዋል። ይህኛውን ግን ዋጥኩት። ሰው ፊት አቅፈውኝ ሲያለቅሱ አብሬ አለቅሳለሁ፤ ውስጤ ግን ለምን ቶሎ አላመጡልኝም ይላል። በሦስተኛው ቀን ቢያመጡልኝስ? በአራተኛው እንኳ ቢሆን? አንድ ቀን ራሳቸው እንዲያነሱት፣ ራሳቸው "ዘገየሁ" እንዲሉ እጠብቅ ነበር። እሳቸው አላነሱም። እኔም አልረዳኋቸውም።

ልጅ አልወለድንም። ባል ሲሞት ልጅ ከሌለ ምራትና አማት ቀስ በቀስ ባዳ ይሆናሉ። እኛንም የጠበቀን ያው ነበር፤ ድንጋዮቹ ባይኖሩ። ከአርባው በኋላ በወሩ ሚካኤል ማግስት እማሆይ በራቸውን ዘግተው፣ ያን ሁሉ መንገድ ተጉዘው መጡ። ገና በረንዳው ላይ ሳሉ "ድንጋዮቹስ?" አሉኝ። "አሉ" አልኳቸው። ጫማቸውን አውልቀው ገቡና ገንዳው አጠገብ ተቀመጡ። በአንዱ ላይ እጃቸውን አሳለፉ፤ ተከደነ። ቀጥለው በሌላው ላይ። አምስቱንም በየተራ እንዲህ አደረጉ። በኽምጣንጋ ዝቅ ባለ ድምፅ አናገሯቸው። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ሽንኩርት ከተፍኩ። ከዚያ ወዲህ ወር በመጣ ቁጥር ከሚካኤል ማግስት አይቀሩም። አንድ ሌሊት አድረው ይሄዳሉ። የምናወራው ስለ ድንጋይ ነው፤ ሌላ የምናወራው አልነበረንም።

እኔም ብሆን ዛጎሎቹን የያዝኩት ለእሳቸው ብዬ ብቻ አልነበረም። አረንጓዴውን ውሃ ፀሐይ ላይ ሳስቀምጥ ያን ሰዓት እሱ ቤት ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ጎረቤት አበደች ሳይል አይቀርም፤ ይበል።

አልቅቶቹ የመጡት የቧንቧው ውሃ በጠፋ ጊዜ ነው። ሰቆጣ ውሃ ሲጠፋ ይጠፋል፤ ያኔ ሁላችንም በአህያ ከምንጭ ቀድተው የሚሸጡልንን ጀሪካን እንጠብቃለን። ገንዳውም የሚሞላው ከዚያው ነው። አንድ ጠዋት ከትልቁ ዛጎል ከንፈር ላይ የሩዝ ፍሬ የምታህል ቡናማ ነገር ተለጥፋ አየሁ። ቆሻሻ መስሎኝ በጣቴ ነካሁት፤ ተሳበ። ልጅ ሆነን ወንዝ ስንወርድ በእግራችን ላይ ይጣበቅ የነበረው ዓይነት ነው፣ ትንሽ ሆኖ። ጮህኩ፤ ገንዳውን ሳልነካው ጥዬ ወጣሁ።

እስክመለስ ሌሎች ተጨምረው ነበር። ዛጎል ቅርፊቱ ጠንካራ ነው፤ ማንም አይነክሰውም ይመስላል። አልቅት ግን የሚተነፍስበትን ሰዓት ይጠብቃል። ገርበብ ሲል በስንጥቁ ይገባና ለስላሳውን ሥጋ ይይዛል። ዛጎሉ ቢዘጋም አብሮት ይዘጋል እንጂ አይወጣም። መዝጋት ብቻ የሚችል ፍጥረት ጠላቱን ከነነፍሱ ውስጥ ዘግቶበት ይቀመጣል።

የባለቤቴን የሥራ ባልደረባ ደውዬ ጠየቅሁት። ጨው እንዳትጨምሪ፣ ጨው አልቅቱንም ዛጎሉንም አንድ ላይ ነው የሚጨርሰው አለኝ። መድኃኒትም አይሆንም። ያለው ዘዴ እጅ ነው፤ ዛጎሉን ማውጣት፣ በጥርስ ብሩሽ ማጠብ፣ ከንፈሩ ላይ የወጣውን መልቀም፣ አሸዋውን በፈላ ውሃ ማጠብ፣ ውሃውን አፍልቶ አቀዝቅዞ መቀየር፣ ከዚያ ደግሞ እንደገና። "ትዕግሥት ይጠይቃል" አለ። ለእኔ ነው ትዕግሥት የሚለኝ!

ቢሆንም ያዝኩት። የፈላ ውሃ፣ ሳፋ፣ ብሩሽ፣ ወረንጦ። ጠዋት ጠዋት ዛጎሎቹን ከገንዳው አውጥቼ በመስኮቱ ብርሃን አያቸዋለሁ። የለቀምኩትን አመድ ውስጥ እጥላለሁ። ንጹሕ ነው ባልኩ በሰሞኑ እንቁላሉ ይፈለፈላል። መጀመሪያ ትንሹ ዛጎል ሞተ። አፉን በልቅጦ አገኘሁት፤ እጄን አሳለፍኩ፣ አልተዘጋም። ከጓሮ ጌሾው ሥር ቀበርኩት። ከዚያ ሌላው። ሦስተኛውና አራተኛው በአንድ ሳምንት ሄዱ። እማሆይ በመጡ ቁጥር ቁጥሩ ጎድሎ ያገኙታል። የሞተ ዛጎል ግን አይተው አያውቁም፤ እኔ ከመምጣታቸው በፊት እቀብራለሁ። "ሌላውስ?" ይሉኛል። "አረፈ" እላቸዋለሁ። ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ትልቁ ብቻ ቀረ።

በዚያው ሰሞን የዝውውር ጥያቄዬ ተፈቀደልኝ። የትምህርቱ ዘመን ሲያልቅ ወደ ጎጃም፣ ወደ እናቴ አገር እመለሳለሁ። ለእማሆይ እንዴት እንደምነግራቸው ሳሰላስል ከርሜ በጥር ሚካኤል ማግስት፣ ምሳ እየበላን፣ ድንገት ነገርኳቸው። እንጀራቸውን ጠቀለሉ፤ ግን አልጎረሱትም።

"ደግ ነው" አሉ በመጨረሻ። "ወጣት ነሽ። አገርሽ ነው።" ቀጥለውም፣ "ድንጋዩን ይዘሽው ትሄጃለሽ?" አሉኝ።

"አይ፣ እማሆይ። ለእርስዎ ነው የምተወው።"

"ወይ ልጄ!" አሉና ዓይናቸው ሞላ። "እኔ እኮ እንዴት ብዬ ልጠይቃት እያልኩ ነበር።"

መንደራቸው ድረስ አድርሼ፣ ቤታቸው ውስጥ መስኮት ሥር አስቀምጬ፣ አረንጓዴውን ውሃ አሠራሩን አሳይቻቸው እንደምሄድ ቃል ገባሁ። ነገር ግን አልቅት የያዘውን መንገድ ላይ ማንገላታት አይሆንም፤ መጀመሪያ መዳን አለበት። ይህንንም ነገርኳቸው። ያን ጊዜ ተነስተው ገንዳውን ቀርበው አዩት። ሁለት አልቅት ከንፈሩ ላይ ተንጠልጥለው ነበር። ዕድሜ ልካቸውን በበሬና በበቅሎ አፍ ውስጥ ያዩት ጠላት ስለሆነ ወዲያው ነው ያወቁት። በኽምጣንጋ ምን እንዳሉ አላውቅም፤ ርግማን መሆኑን ግን ከድምፃቸው ለየሁት።

"መድኃኒት የለውም?" አሉኝ።

"የለውም። እጅ ብቻ ነው። ጨው እንኳ ቢነካው ይሞታል" አልኳቸው። የከሰዓቱ የትምህርት ቤት ደወል ሊደወል ስለነበር ቸኩዬ ወጣሁ።

በየካቲት ሚካኤል ማግስት እንደልማዳቸው መጡ። እኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ፤ ቁልፉን የማስቀምጥበትን ያውቁታል። ከሰዓት በኋላ ስመለስ ገና ከበሩ ቤቱን የማላውቀው ሽታ ሞልቶት አገኘሁት። ከባድ፣ የሚያስነጥስ ሽታ። እማሆይ ገንዳው አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ደስታ ከልጃቸው ሠርግ ወዲህ አላየሁትም።

"ነይ፣ ነይ፣ ይኸውልሽ! ወደቁልሽ!" አሉኝ።

ውሃው ሻይ መስሏል። አሸዋው ላይ አልቅቶቹ ተዘርግተው ወድቀዋል፤ ያላየኋቸው፣ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሳይቀሩ። እኔ በወራት ያልጨረስኩትን በአንድ ቀን ጨርሰውታል። ከአጠገባቸው ጨርቅ ላይ የደረቀ የትምባሆ ቅጠል ቁርጥራጭ ነበር።

ትምባሆ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ላስረዳ። በቄስ ቤት ትምባሆ ስሙም አይነሳም። ያጨሰ ሰው የእማሆይን ደጃፍ አይረግጥም፤ ባለቤቴ ተማሪ ሳለ አንድ ጊዜ ትምባሆ ሸትቶ ቢገባ ንፍሮ ሳይሰጡት እንዳሳደሩት እየሳቀ ይነግረኝ ነበር። በሬና በቅሎ አልቅት ሲይዛቸው ግን ባላገሩ ትምባሆ በጥብጦ በአፍንጫቸው ይግታል፤ አልቅቱ ለቆ ይወድቃል። ይህን የማያውቅ የለም። እማሆይ ገበያ መሀል ገብተው፣ በቆባቸው ላይ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው፣ ከቅጠል ሻጯ ትምባሆ ገዙ።

"'እማሆይ፣ ለማን ነው?' አለችኝ" አሉኝ። "'ለበሬ ነው' አልኳት። በሬ የለኝም። እሱንም ለንስሐ አባቴ እናገራለሁ፤ ስግደቱን ይስጡኝ፣ እሰግዳለሁ። የከለከልሽኝ ጨው ነው እንጂ ትምባሆ አላልሽኝም፣ ልጄ።"

አላልኳቸውም። ማን ያስበዋል?

"ይኸው ደግሞ እሱም አፉን ከፈተ" አሉ፣ በጣታቸው እያሳዩኝ። "ያ ሁሉ ወር ታፍኖ ኖሮ አሁን ተነፈሰልኝ።"

ትልቁ ዛጎል አፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ በልቅጦ ተኝቷል። ውስጡ ያለው ሥጋ ይታያል። እጄን ከበላዩ አሳለፍኩ፤ አልተንቀሳቀሰም። ደግሜ አሳለፍኩ። እማሆይ እጄን እያዩ ነበር።

"ደክሞት ነው" አሉኝ። "ሕመም ያደክማል።"

አፌ ላይ የመጣውን ልናገር ነበር። ከካቻምና ጀምሮ የተጠራቀመ ቁጣዬ ነበር። ምን ነካዎት፣ ሳይጠይቁኝ፣ ደግሞ በቅጠል፣ ዛሬም በቅጠል ልላቸው ነበር። ቀና ስል ግን እሳቸው ቀድመውኝ መናገር ጀምረዋል፤ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ውሃው እያዩ።

"ለሱ ዘገየሁ" አሉ። "ይሻለዋል፣ ነገ ይሻለዋል እያልኩ። ቅጠሌን ይዤ። ላንቺ ሰው እንላክ ሲሉኝ ትቸገራለች፣ ፈተና ላይ ናት፣ ትንሽ እንየው አልኩ። ልጄን በእጄ ላይ አዘገየሁት። ባለፈው ይህን ድንጋይ ታሞ ባየሁት ጊዜ፣ እንግዲህ ለዚህስ አልዘገይም አልኩ። እንኳን ትምባሆ ሌላም ያስነኩኝ።"

ያን ቃል ለመስማት ስንት ጊዜ ጠብቄያለሁ። ስሰማው ቀለል ይለኛል ብዬ አስብ ነበር። አልቀለለኝም። አንዲት አሮጊት መነኩሴ የትምባሆ ጭማቂ ጣታቸውን አጥቁሮት፣ በሞተ ዛጎል ፊት ደስ ብሏቸዋል። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

"ዳነ?" አሉኝ።

"ድኗል፣ እማሆይ" አልኩ።

ውሃውን አብረን ቀየርን። እሳቸው በጭልፋ ይቀዳሉ፣ እኔ እደፋለሁ። አልቅቶቹን ለብቻ ሰብስበው አውጥተው እሳት ላይ ጣሏቸው። በማግስቱ ሲነሱ ድንጋዩን ይዤው ልሂድ አሉ። ገና ነው፣ ያጠንክር፣ ለሚቀጥለው ሚካኤል አልኳቸው። አመኑኝ። መኪናው እስኪሞላ አብሬያቸው ቆምኩ፤ ጉንጬን ሳሙኝ፤ እጃቸው አሁንም ትምባሆ ትምባሆ ይሸት ነበር። ቤት ተመልሼ በሩን ዘጋሁና አለቀስኩ። ለዛጎሉ ይሁን፣ ለባሌ፣ ለእሳቸው፣ አልለየሁትም። ከዚያ ሥጋውን ጌሾው ሥር ከወንድሞቹ ጋር ቀበርኩት። ቅርፊቱን አጥቤ መስኮቱ ላይ አኖርኩት።

ወሩን ሙሉ ምን እንደምላቸው ስጨነቅ ከረምኩ። ውሸት አልችልም፤ ክፍል ውስጥ እንኳ ተማሪ "ትክክል ነኝ?" ካለኝ ፊቴ ያጋልጠኛል።

በመጋቢት ሚካኤል ማግስት መጡ። ጀርባቸው ላይ ባዶ እንስራ ተሸክመዋል፤ ድንጋዩን ከነውሃው ሊወስዱበት ነው። ያን ሁሉ ዳገት ባዶ እንስራ አዝለው። ገንዳው ባዶውን መስኮቱ ሥር ቆሟል። አዩት። እንስራውን ቀስ ብለው አወረዱና ግድግዳውን አስደገፉት።

ቅርፊቱን ከመስኮቱ አንስቼ ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። ውስጡ ያብረቀርቃል፤ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ሳያዩኝ ጠየቁኝ።

"ትምባሆው ነው?"

"አይደለም።"

"እውነቱን ንገሪኝ።"

"ከትምባሆው በኋላ ቆይቷል፣ እማሆይ። ብዙ ቀን ኖሯል። እጄን ሳሳልፍ ይከደን ነበር። አልቅት የሚባል ዳግመኛ አልነካውም። አርጅቶ ነው። ጊዜው ደርሶ ነው የሞተው።"

ፊቴን ቀና ብለው አዩት። ፊቴ እንደሚያጋልጠኝ አውቃለሁ፤ ግን አላዞርኩትም። ዓይኔን ሳልነቅል አየኋቸው።

"እንግዲያ እኔ አይደለሁም" አሉ።

"እርስዎ አይደሉም።"

ቅርፊቱን ደረታቸው ላይ አስጠግተው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ደግመው ጠየቁኝ።

"እኔ አይደለሁም፣ ልጄ?"

አሁን የሚጠይቁኝ ስለ ዛጎሉ እንዳልሆነ አውቄያለሁ። እጃቸውን ያዝኩ።

"እርስዎ አይደሉም፣ እማሆይ" አልኳቸው።